ልጣጩ ይበላል?

የኔአለም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ኬክ ቤት ጋጋሪ ናት። ሥራ የጀመረችው ብርጭቆና ሰሃን በማጠብ ነበር። ቀጥላ ምድጃውን ያዘች፤ ከዚያ ክሬሙን። አሁን ከመደርደሪያው በስተጀርባ ያለው ክፍል በሙሉ የእሷ ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አመተ ማርያም እንኳ ዱቄቱ የት እንዳለ ሲጠፋቸው የሚጠሩት እሷን ነው።

የትውልድ መንደሯ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። አባቷ አቶ ይስማው ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ በቃላቸው የሚታወቁ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን በልጅነቷ ደብረ ኤልያስ ላለ ወዳጃቸው ልጅ ዳሯት። የኔአለም እዚያ ቤት ጥቂት ዓመታት ቆየች። ማንም አልመታትም፤ ማንም አልሰደባትም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ ወደ አባቷ ቤትም አልተመለሰች፣ በቀጥታ ማርቆስ ገባች። «ምን በደለሽ?» ብለው ሲጠይቋት ዛሬም የምትመልሰው ይጠፋታል። እዚያ ቤት ውስጥ አየር ያጥራት ነበር። ይህ ደግሞ ለሽማግሌ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ከዚያ ወዲህ አባቷ አላናገሯትም። «ከእንግዲህ ልጄ አይደለችም ብለዋል» የሚል ወሬ ደርሷታል፤ ከራሳቸው አፍ ግን ሰምታው አታውቅም። እሷም ሄዳ አልጠየቀችም። እናቷ ወይዘሮ ወለላ ስልክ ስለሌላቸው፣ አልፎ አልፎ በሚኒባስ ሾፌሩ በእንዳላማው በኩል ሰላምታ ይልኩባታል።

ታናሽ ወንድሟ ድረስ በጀርባዋ ያደገ ልጅ ነው። እናታቸው እሱን ወልደው ለረጅም ጊዜ ታመው ነበርና፣ አዝላ ያስተኛችው፣ ጥርስ ሲያወጣ ያባበለችው እሷ ናት። «እታለም» እያለ ነው የሚጠራት። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም በየበዓሉ ይደውል ነበር። ኋላ ግን ስልኩ ቀረ። መጀመሪያ ዝም ያለው እሱ ይሁን እሷ፣ አሁን ብታስበውም አይመጣላትም።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ መቅዲ የምትባል ወጣት ወደ ኬክ ቤቱ ገባች። የእህቷ የሂዊ ሠርግ ደርሶ ኬክ ልታዝዝ ነው የመጣችው። ስልኳን ከፍታ ለየኔአለም አንድ ፎቶ አሳየቻት። በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ድፍን ነጭ፣ እንደተላጠ እንቁላል ልስልስ ያለች ኬክ ናት።

«ትልቅ ኬክ ቆርሶ ማደል አሁን ቀርቷል» አለች መቅዲ። «እያንዳንዱ እንግዳ የራሱ ኬክ ይኑረው ነው የምንለው። ይኼ ነጩ ፎንዳንት ነው አይደል? ብቻ ሽብሽብ እንዳይኖረው። ሂዊ ሽብሽብ ካየች ታለቅሳለች።»

የኔአለም ፎንዳንት የሚባለውን ነጭ የስኳር ሊጥ ታውቀዋለች። ዳምጣ ሁለት ሦስት ትልልቅ ኬኮች አልብሳበታለች። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ግን ሸፍና አታውቅም። «እስኪ መጀመሪያ ልሞክረውና…» ብላ ስትጀምር፣ ወይዘሮ አመተ ማርያም ከሒሳብ መቀበያው ሆነው «እንሠራለን! ለእሷ ምን አላት!» ብለው ጨረሱት።

«በላዩ ላይ የሙሽሮቹ ፊደል ይጻፍልን» አለች መቅዲ። «ሂ እና ድ።»

«ድ ማን ነው?»

«ሙሽራው ነዋ! ድረስ ይስማው ይባላል። የእንስሳት ሐኪም ነው፣ የሮብ ገበያ ልጅ።»

የኔአለም የያዘችውን ትሪ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መልሳ አነሳችው። ሠርጉ መቼ እንደሆነ ቀድሞ ተነግሯት ሳለ እንደገና ጠየቀች፤ መቅዲም እየሳቀች እንደገና ነገረቻትና ሄደች።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ትኩር ብለው አዩዋት። «ይስማው ያንቺም አባት አይደሉም እንዴ? ዘመድሽ ነው?»

«እንጃ» አለች የኔአለም።

ይህን ቃል ለምን እንደተናገረች ወደ ምድጃው ስትመለስ ራሷን ጠየቀች። ያዘለችውን ልጅ እንጃ አለችው። ግን ደግሞ እሱ መሆኑን በምን ታውቃለች? ሮብ ገበያ ሰፊ ነው፤ ሌላም ይስማው፣ ሌላም ድረስ ይኖራል። እሱ ቢሆን ኖሮ አይነግራትም? የእንስሳት ሕክምና ሲያጠና እንደነበር ግን ታስታውሳለች።

የድሮ ቁጥሩን ፈልጋ ደወለች። አንድ ጎርነን ያለ ድምፅ አነሳና «የት ነው የደወልሽው?» አላት። «ለድረስ።» «ተሳስተሻል እህቴ፣ ባሕር ዳር ነው የደወልሽው» ብሎ ዘጋው። በማግስቱ እንዳላማውን ፍለጋ መናኸሪያ ወረደች። መኪናው ተበላሽቶ ጋራዥ እንደገባ፣ እሱም ስልኩን ዘግቶ እንደጠፋ ረዳቶቹ ነገሯት። መቅዲ ጋ ደውላ «ሙሽራው እህት አለው?» ብላ ለመጠየቅ ስልኩን አነሳችና ተወችው። «የለውም» ብትላትስ?

ስለዚህ ወደ ሥራዋ ገባች።

ፎንዳንቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ በነጭ ባልዲ መጣ። የማርቆስ የጥር ጠዋት ብርድ ስለነካው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። የኔአለም ስስ አድርጋ የጋገረችውን ኬክ በጣሳ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ቆረጠች፤ ሁለት ሁለቱን በክሬም አጣበቀች፤ ዙሪያቸውን በስሱ ክሬም ቀብታ ፍርፋሪውን አስያዘች። ከዚያ ፎንዳንቱን እስኪለዝብ አሸችውና ዳመጠችው። ከሊጡ አንድ ክብ ቆርጣ አነሳችና በመጀመሪያው ኬክ ላይ ጣል አደረገችው።

ትልቅ ኬክ ሲሆን የሊጡ ክብደት ራሱ ወደ ታች ይስበዋል፤ ሰው በእጁ መከተል ብቻ ነው። ይቺ ግን ትንሽ ናት። ሊጡ አናቷ ላይ ልክ ብሎ ተቀመጠና ከጎን እንደ ተሸበሸበ ቀሚስ ታጠፈ። እጥፋቱን በጣቷ ስትጫነው ክሬሙ ከሥር ፊጭ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውን በጣም አሳሳችው፤ ትከሻው ላይ ተቀደደ። ሦስተኛውን አወፈረችው፤ ኬክ መሆኑ ቀርቶ የተጠቀለለ ሳሙና መሰለ።

«ፍሪጅ ውስጥ ክተቻቸው፤ ብርድ ያስተካክለዋል» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም።

ከተተቻቸው። ስታወጣቸው ፊታቸው ላይ ላብ ጣል ጣል ማለት ጀመረ፤ ሲነኳቸው ይጣበቃሉ። ሌሎቹን ፍሪጅ ሳታስገባ ተወቻቸው፤ እነሱን ደግሞ የበጋው ደረቅ አየር ጠርዛቸውን እንደ ማሳ ሰነጣጠቀው። ሲቀዘቅዝ ያልበዋል፣ ሲተዉት ይሰነጠቃል። ታዲያ ምን ይደረግ?

በስልኳ ቪዲዮ ፈልጋ አየች። በማታውቀው ቋንቋ የምታወራ አንዲት ሴት ናት። እጆቿ ብቻ ይታያሉ። ሊጡን ታነሳለች፣ ታለብሳለች፣ በመዳፏ ሁለት ጊዜ ትዳስሰዋለች፤ አለቀ። የኔአለም ቪዲዮውን ወደ ኋላ እየመለሰች ደጋግማ አየችው። ሴትየዋ ሽብሽቡን የት እንዳደረሰችው ግን ሊገባት አልቻለም። ጣቶቿ የሆነ ነገር ያደርጋሉ፤ ምን እንደሆነ አይታይም።

በዚያ ሁሉ መሃል ሐሳቧ ወደ ድረስ ይሄድባታል። እሱ ከሆነ ለምን አልነገረኝም? አባዬ ከልክለውት ይሆን? ወይስ አማቾቹ ከባሏ ቤት የወጣች እህት እንዳለችው እንዳያውቁበት ፈልጎ ነው? እሱ ደግሞ እንደዚያ ያለ ልጅ አልነበረም። ግን ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ አሁን ታውቃለች ወይ? የምታውቀው እንቅልፍ ሲመጣ በአንድ እጁ ጆሮዋን፣ በሌላው የራሱን ጆሮ ይዞ የሚተኛውን ሕፃን ነው። እሱ ካልሆነ ደግሞ፣ ለማታውቀው ሰው ሠርግ ይህን ያህል እንቅልፍ ማጣቷ ምንድን ነው?

ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ጠረጴዛው በተበላሹ ኬኮች ስለሞላባት፣ አንዷን ኬክ ማስቀመጫ አጥታ በተደፋ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ላይ አኖረቻት። እጇ እንዳይጣበቅ በጥቂት የአትክልት ቅቤ አራሰችውና ሊጡን አለበሰቻት። ጠርዙ ጠረጴዛ ስለማይነካ ወደ ታች ተንጠለጠለ። እጥፋቱ ሊጀምር ሲል ከመጫን ይልቅ በጣቷ ወደ ውጭ ገለጥ አደረገችው፤ በሌላው እጇ መዳፍ ከአናት ወደ ታች ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ከዚያም ሌላውን ጎን። ዙሪያውን ስትጨርስ ሽብሽብ የለም። የተረፈውን ጠርዝ በቢላ ጫፍ ቆረጠችና ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች። ልክ እንደ ፎቶው ናት።

«ወይዘሮ አመተ ማርያም! ኑ እስኪ ይዩ!»

መጥተው አዩዋት። «አላልኩሽም? ብርድ ነው የሚያስተካክለው» አሉ።

«ኧረ ፍሪጅ አልገባችም!»

«ታዲያ ምን አድርገሽ ነው?»

የኔአለም ብርጭቆውን አየች፤ እጇን አየች። «እንጃ» አለች።

የሚቀጥለውን በዚያው ብርጭቆ ላይ በዚያው ዓይነት አለበሰችው፤ ተሸበሸበ። ቀጥሎ ያለው አማረ። ከዚያ ሁለት ተከታትለው ተበላሹ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ አንዱም ሳይበላሽ ትሪው ሞላ። ብርጭቆው ይሁን፣ ቅቤው ይሁን፣ የቀትሩ ሙቀት ይሁን፣ ወይም መዳፏ ራሱ ሳታውቀው የተማረው ነገር ይሁን ልትለየው አልቻለችም። ዓርብና ቅዳሜም እንዲሁ እየተሳካና እየከሸፈ ሥራው አለቀ። በመጨረሻ ቀጭኗን የክሬም ከረጢት ይዛ በየአናታቸው ሂ እና ድ ጻፈችባቸው። ድ ላይ ስትደርስ እጇ ይዘገያል። ወንድሟ ፊደል ሲቆጥር ድ የምትባለውን ሁልጊዜ ገልብጦ ነበር የሚጽፋት። ወይስ ሌላ ፊደል ነበር? እሱንም እርግጠኛ አልነበረችም።

እሑድ ዕለት ትሪዎቹን በባጃጅ ጭና ወደ አዳራሹ ሄደች። ሁለቱ ቤተሰቦች ተነጋግረው ድግሱን በአንድ ላይ፣ ከተማው መሃል ባለ አዳራሽ ነው ያደረጉት። በኮብልስቶኑ ላይ ባጃጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትሪዎቹን በሁለት እጇ እቅፍ ታደርጋለች። ነጭ ሽርጧን ለብሳ፣ ፀጉሯን በመሸፈኛ ሸፍና ነበር። አስረክባ ለመመለስ እንጂ ለሌላ አልለበሰችም። እሱ ከሆነስ? እሱ ከሆነ ከሩቅ አይታው ትሄዳለች። ካልሆነም ትሄዳለች።

በጓሮ በር ገብታ ትሪዎቹን ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር ከበሮውና እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ደረሱ። የኔአለም ከመጋረጃው ጎን ብቅ ብላ አየች። ጥቁር ካባ የለበሰ ረጅም ሰው ነው፤ ጺም አለው። የምታውቀው ድረስ ጺም የለውም። ትከሻው የአባቷ ነው፤ አረማመዱ ግን የማንም አይደለም። አይ፣ እሱ አይደለም አለች። ወዲያው ደግሞ ሙሽራው ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ። እሱ ነው።

ወደ ጓሮው በር ልትዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሙሽሪትን በእጁ እንደያዘ፣ ሚዜዎቹን እየገፋ፣ ቀጥ ብሎ መጣ።

«እታለም! ምነው ምን ነካሽ? ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንፈልግሽ ነበር እኮ! እማዬ በር በሩን ስታይ ነው የዋለች!»

የኔአለም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «ማን… ማን ጠራኝ?»

«እንዴት ማን ጠራኝ? ኬኩን ማን ሠራው? ሂዊ፣ አላልኩሽም? ከእታለም ቤት ካልታዘዘ ሌላ አልበላም አላልኩሽም?»

ሙሽሪቷ አዎ እያለች አንገቷን ነቀነቀች። «እኔ ለመቅዲ ያንን ኬክ ቤት ነግሬያታለሁ። እህቱ መሆንሽን ግን… ነግሬያት ይሁን አልነገርኳት፣ በሠርጉ ግርግር ተምታቶብኛል።»

ድረስ እህቱን አቀፋት። ሽርጧ ላይ የነበረው ነጭ ዱቄት ስኳር ጥቁሩን ካባ አቧራ የነካው አስመሰለው። እናቷም በሰው መሃል ተሹለክልከው ደረሱና ደረቷ ላይ ወደቁ።

«እማዬ፣ ለምን አላክሽብኝም?» አለች የኔአለም እያለቀሰች።

«ምን ማለትሽ ነው? ለእንዳላማው ነግሬው! ‹ነግሬያታለሁ፣ እመጣለሁ ብላለች› ብሎኝ!»

እንዳላማው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ተጠርቶ መጣ። መጀመሪያ እናትየዋን አየ፤ ቀጥሎ መሬት መሬቱን። «ኬክ ቤቱ ሄጄ ለአንዲት ሴት ነግሬያለሁ» አለ። «ቀይ ሻርፕ ያደረገች። ‹እነግራታለሁ› አለችኝ።»

ኬክ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች የኔአለምና ወይዘሮ አመተ ማርያም ብቻ ናቸው። ሁለቱም ቀይ ሻርፕ የላቸውም። ደንበኛ ትሆን? ወይስ እንዳላማው ሌላ ቤት ገብቶ ነው? ወይስ እማዬ ‹ኋላ ትቀየመኛለች› ብላ፣ እንዲህ እንዲል አስተምራው ነው? የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየች። ሁሉም የደስታ ፊት ነበር፤ ምንም ሊነበብ አይችልም።

«አባዬስ?» ብላ ድረስን በለሆሳስ ጠየቀችው።

«እዚያ ናቸው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር።»

«እንደምመጣ ያውቃሉ?»

ድረስ ትከሻውን ሰበቀ። «እማዬ ሳትነግራቸው አትቀርም።» ወይዘሮ ወለላም በበኩላቸው «እኔማ አንተ ትነግራቸዋለህ ብዬ» አሉ። ወዲያው ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ጠራቸውና ነገሩ እዚያው ተቋረጠ።

«ተቀመጪ፣ ቦታ ተይዞልሻል» አሏት። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ኬኩን የሚያድል ሰው ጎድሏል ሲባል ሰማችና ትሪ አነሳች። ትሪ ከያዘች ዓይኗንም እጇንም የምታሳርፍበት አገኘች ማለት ነው።

ከዚያ ያላሰበችው ሌላ ነገር መጣ። እንግዶቹ ኬኩን እየተቀበሉ፣ አገላብጠው ካዩ በኋላ ልክ እንደ ሙዝ ይልጡት ጀመር። ነጩን ፎንዳንት በጥፍራቸው ይገፉና፣ ውስጡን በልተው ልጣጩን ሰሃን ላይ ይተዋሉ። አንዳንዱ ሰው መጠቅለያ ወረቀት መስሎት አጣጥፎ አስቀመጠው። ያ በብርጭቆ ላይ፣ በቅቤ፣ በመዳፍ የተለፋበት ነገር በየጠረጴዛው ተከመረ። የኔአለም ትሳቅ ወይስ ታልቅስ አላወቀችም። «ይበላል» ልትል አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋለች። ምን ብላ ከማን ትጀምራለች?

ከካህናቱ ጠረጴዛ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ የሙሽሪት አጎት፣ ባዶውን ልጣጭ ከፍ አድርገው አሳዩዋት። «ልጄ፣ ሰሙን ልጠን ወርቁን በላን!» አሉ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሲያደንቁ ይሁን ሲቀልዱ አልለየላትም። እሷም አብራ ሳቀችና አለፈች።

ቀጥሎ የአባቷ ጠረጴዛ ነው።

አቶ ይስማው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። በጣም አርጅተዋል። አንደኛው ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶበታል፤ ሌላውም ሲያዩ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ዓይን ጠበብ ይላል። የኔአለም ኬኩን ፊታቸው አስቀመጠች። አባቷ ኬኩን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ ሲልጡ በደበዘዘ ዓይናቸው አዩና ወደ እሷ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ልጣጩ ይበላል?»

ልጄ አሉኝ። ግን ለማንኛዋም አስተናጋጅ «ልጄ» ይባል የለም?

«ይበላል» አለች። «አባዬ» የሚለውን ጨመረችበት፤ ድምፅ ሆኖ ይውጣ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ይቅር ግን አላወቀችም።

አቶ ይስማው ሳይልጡ ገመጡት። ቀስ ብለው አኘኩ። ፍርፋሪውን ከጋቢያቸው ላይ ለቅመው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። በዚያ አዳራሽ ኬኩን ከነልብሱ የበላ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

«የማን እጅ ነው?» አሉ።

«የኔ።»

ይህን ብላ ደነገጠች። አባቷ ልጅ ሳለች ስሟን አሳጥረው «የኔ» ነበር የሚሏት። ማሳ ላይ ሆነው «የኔ! ውኃ አምጭልኝ!» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ወንዙ ይሰማል። አሁን እሷ የሥራውን ባለቤት ተናገረች ወይስ ስሟን?

አቶ ይስማው ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ጠረጉ። «የኔ» ብለው ቃሉን ራሳቸው ደገሙት፣ እንደሚቀምሱት ሁሉ። «እጅሽ ይባረክ።»

ከዚያም አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ስለ በሬ ዋጋ የሆነ ነገር ጠየቋቸውና ፊታቸውን ወደዚያ መለሱ። የኔአለም ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ከኋላዋ «እዚህ አልደረሰንም!» የሚል ድምፅ እስኪጠራት አልተንቀሳቀሰችም።

በማግስቱ ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው፣ የሮብ ገበያ ሰዎችም ወደ አገራቸው ተመለሱ። አባቷ ሲሳፈሩ እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ወይዘሮ አመተ ማርያም ሁሉንም አንድ በአንድ ካስነገሯት በኋላ «አውቀውሻል» አሉ፤ ጥርጥር የለባቸውም። ድረስ ስትደውልለት ሳቀ። «አባዬ? በአሁኑ ዓይናቸው እኔንም በድምፄ ነው የሚለዩኝ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ግን ያንቺንስ ድምፅ ይረሱታል?» ብሎ ጨመረበት። በእንዳላማው በኩል የመጣው የእናቷ መልእክት ደግሞ «አባትሽ ስለ ኬኩ እያወሩ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ስለ ኬኩ ነው? ወይስ ስለ ሠሪዋ?

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ሰሞን፣ የኔአለም ፈቃድ ጠይቃ የእንዳላማው ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች። ከጎኑ ተቀምጣ ስለ ኬክ ቤቷ ሴት እንደገና ጠየቀችው።

«ነገርኩሽ እኮ» አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ጥቁር ሻርፕ ያደረገች ሴት ናት።»

«ቀይ ነው ያልከኝ።»

«ቀይ ነው ያልኩሽ?» እንዳላማው ራሱም ግራ ተጋባ። «ቀይ ከሆነ ቀይ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። ሮብ ገበያ ወርዳ በእግሯ ወደ መንደሩ ወጣች። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ነጠላዋን ከትከሻዋ ይነጥቃት ነበር። አባቷ ከቤቱ ፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ኮቴዋን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ማን?»

«የኔአለም ነኝ፣ አባዬ።»

አቶ ይስማው ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። ፊታቸው ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ፣ ወይም ፀሐይዋ ዓይናቸው ውስጥ ገብታባቸው ይሁን ልትለየው አልቻለችም።

«ማርቆስ ዘነበ?» አሉ።

«አልዘነበም።»

«እዚህም የለ። ዘንድሮ ሰማዩ ምን እንዳሰበ አይታወቅም።»

እና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መደቡ ላይ ጠጋ አሉላት። የኔአለም ተቀመጠች። እናቷ ከጓሮ ድምፅ ሰምተው እየሮጡ እስኪመጡ፣ አባትና ልጅ ስለ ዝናብ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ታመመችው በቅሎ ሲያወሩ ቆዩ። ስለ ደብረ ኤልያስ ማንም አላነሳም። ልጠይቃቸው ይሆን፣ ‹በአዳራሹ ውስጥ አውቀውኝ ነበር?› ልበላቸው ይሆን እያለች ስታስብ፣ ጥያቄው አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አባቷ ስለ በቅሎዋ የጀመሩትን አልጨረሱም ነበርና፣ እሱን ታዳምጥ ጀመር።